መንገዱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ

የዚህ ጽሑፍ ርእስ ከሩቅ ሲያዩት የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። አንድ ከተማ የትራፊክ መጨናነቅን ለማቃለል አዲስ የመንገድ ማሳለጫ ሲያስብ ነገሩ ከሐሳብ እስከ አስፋልት ድረስ በየትኞቹ ደረጃዎች ያልፋል? ማን ይወስናል? ሥራው ለተቋራጭ የሚሰጠው እንዴት ነው? ነዋሪውስ በየትኛው ደረጃ ላይ ቢናገር ይሰማል? እነዚህን ጥያቄዎች የምናነሣው ከመካከላችን ሲቪል ምሕንድስና ወይም የከተማ ፕላን የሚያጠኑ ስላሉ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ከዒሪያው የሚመጣውን የዕብራይስጥ ደብዳቤ ለወላጆቻችን እያነበብን አድገናል። ስለ መንገድና ስለ ሠፈር ዕቅድ የሚወጣውም ማስታወቂያ ያው ደብዳቤ ነው። አንብቦ የሚያስረዳ ካልተገኘ ቀኑ ያልፋል፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ ቡልዶዘር ይመጣል።

ምሳሌያችንን የምንወስደው ከኢየሩሳሌም ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊሰፋ የማይችል ጎዳና

ከነቢያት ጎዳና፣ ማለትም ከረሖቭ ሃነቪኢም፣ ወደ ሰሜን የሚታጠፈውን የኢትዮጵያ ጎዳና የማያውቅ አንባቢ ያለን አይመስለንም። በግራና በቀኝ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር አለው። በአንዱ በኩል በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 የተፈጸመው ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ከፊት ለፊቱ ዘመናዊውን ዕብራይስጥ በማንሠራራት የሚታወቀው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት አለ። ወደ ነቢያት ጎዳና ሲወጡ ደግሞ በግንባሩ ላይ የይሁዳ አንበሳ የሚታይበት የቀድሞው የኢትዮጵያ ቆንስላ ሕንፃ ይገኛል።

ይህ ሠፈር የተሠራው ለእግረኛና ለጋሪ ነበር። የያፎ ጎዳና ለቀላል ባቡርና ለእግረኛ ከተሰጠ ወዲህ ግን የመሀል ከተማው አውቶቡሶች እንደ ነቢያት ጎዳና ባሉ ጠባብ መንገዶች ይተላለፋሉ። ጠዋት በዚያ ያለፈ ሰው ፕካክ ምን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መንገዱን ማስፋት ደግሞ የድንጋዩን አጥርና ታሪካዊዎቹን ቤቶች ማፍረስ ማለት ነው፤ ያን የሚደፍር የለም።

በመሆኑም የድሮ ከተማ መሀሉን ማስፋት ሲያቅተው ዓይኑን ወደ ዳር ይጥላል። መኪናው መሀል ሳይገባ የሚዞርበትን መንገድ፣ ከተማው የሚገባበትንም ሌላ በር ይፈልጋል። ኢየሩሳሌም ያደረገችውም ይኸንኑ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ከተማዋን የሚያቋርጠው የቤጊን ፈጣን መንገድና ከምዕራብ የሚገባው መንገድ 16 የዚሁ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ማሳለጫ ምን ይሠራል?

በዕብራይስጥ መሕላፍ የምንለውን አማርኛ ማሳለጫ ይለዋል። ወላጆቻችን አዲስ አበባን በቅርብ ጊዜ ጎብኝተው ከሆነ የጎተራን ማሳለጫ አይተውት ይሆናል። ቃሉ ሥራውን ይናገራል፤ ሁለት መንገዶች ሲገናኙ አንዱን በሌላው ላይ በድልድይ ወይም ከሥሩ በዋሻ በማሳለፍ፣ ማንም ማንንም ሳያስቆም ጉዞውን ማሳለጥ ነው። ተራው መገናኛ፣ ማለትም ጾሜት፣ ግን ተራ የሚጠበቅበት ቦታ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። መብራቱ አረንጓዴ በሆነበት ሰዓት ሁሉ በአንድ ረድፍ በሰዓት 1,800 ያህል መኪና ሊያልፍ ይችላል እንበል፤ የትራፊክ መሐንዲሶች ለስሌት የሚነሡት ከዚህ አካባቢ ነው። የመብራቱ ዙር 90 ሴኮንድ ሆኖ ለእኛ አቅጣጫ የሚደርሰው አረንጓዴ 30 ሴኮንድ ከሆነ የምናገኘው ሲሶውን ነው። ስለዚህ በአንድ ረድፍ በሰዓት የሚያልፈው 600 መኪና ብቻ ይሆናል። መብራቱ ተነሥቶ ማሳለጫ ቢሠራ ያው ረድፍ በሦስት እጥፍ ያሳልፋል። ፖለቲከኞች ማሳለጫን የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ውጤቱ በዓይን ይታያል።

ነገር ግን ስሌቱን አንድ እርምጃ ወደ ፊት እንግፋው። ከማሳለጫው በኋላ ሌላ መብራት ቢኖርስ? ማሳለጫው በሁለት ረድፍ በሰዓት 1,800 መኪና ያመጣል፣ ቀጣዩ መብራት ግን በሁለቱ ረድፎች 1,200 ብቻ ያሳልፋል እንበል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 600 መኪና ይከማቻል። ለእያንዳንዱ መኪና ከክፍተቱ ጋር 7 ሜትር ብንሰጥ 4,200 ሜትር ይሆናል፤ ለሁለት ረድፍ ሲካፈል የ2.1 ኪሎ ሜትር ሰልፍ ማለት ነው። ፕካኩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ የማንኛውም ማሳለጫ ዕቅድ ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «መኪናው ከዚህ በኋላ የት ይደርሳል?» የሚል መሆን አለበት።

መንገድ 16፦ ከሞጻ እስከ ጊቭዓት ሞርዴኻይ

ለብዙ ዓመታት ከቴል አቪቭ በመንገድ 1 የሚመጣው አብዛኛው መኪና ወደ ኢየሩሳሌም የሚገባው በአንድ ጉሮሮ፣ በከተማዋ መግቢያ ባለው መገናኛ በኩል ነበር። ወደ ሻዓሬ ጼዴቅ ሆስፒታል፣ ወደ ባይት ቫጋን ወይም ወደ ደቡብ ሠፈሮች የሚሄደውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ያንን በር ያልፍ ነበር። መንገድ 16 የታሰበው ይህን ጉሮሮ ለማስተንፈስ ነው። 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ መንገድ ከመንገድ 1 በሞጻ ማሳለጫ ይገነጠላል፤ በሐር ኖፍና በየፌ ኖፍ በኩል ተራራውን በዋሻ ሰንጥቆ በጊቭዓት ሞርዴኻይ አጠገብ ከቤጊን ፈጣን መንገድ ጋር ይገናኛል። ለተሽከርካሪ የተከፈተው በ2022 በነሐሴ ወር መጨረሻ፣ የትምህርት ዘመን ሊጀመር ሲል ነው።

ሥራው አንድ መንገድ ይባል እንጂ በውስጡ ብዙ ነገር አለ፤ በሁለቱም ጫፍ ማሳለጫዎች፣ በመካከሉ ዋሻዎች፣ የአየር ማናፈሻና የእሳት አደጋ መከላከያ ሥርዓት፣ መብራትና የመቆጣጠሪያ ማእከል ይዟል። ይህን የመሰለ ሥራ በአንድ ቀን ተወስኖ በሁለተኛው ቀን አይቆፈርም።

አንደኛ ደረጃ፦ ጥናት

ዕቅዱ የሚጀምረው ከመሬት ሳይሆን ከጥያቄ ነው። ችግሩ ምንድን ነው? መፍትሔው መንገድ ብቻ ነው ወይስ ሌላም አማራጭ አለ? በኢየሩሳሌም የትራንስፖርት ሚኒስቴርና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የትራንስፖርት ማስተር ፕላን ቡድን አለ፤ በአገር አቀፍ መንገዶች ላይ ደግሞ ነቲቬ ይስራኤል የተባለው የመንግሥት ኩባንያ ይሠራል። አማካሪ መሐንዲሶች ብዙ አማራጮችን ይነድፋሉ፣ የትራፊክ ቁጥር ይሰበስባሉ፣ ወደ ፊት ስንት መኪና እንደሚመጣም በሞዴል ይገምታሉ።

ከዚያ የአዋጭነት ጥናት ይከተላል። በእስራኤል ለዚህ ሥራ የትራንስፖርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮች ያወጡት ኖሃል ፕራት የሚባል የአሠራር መመሪያ አለ። በአንድ በኩል ወጪው፣ በሌላው በኩል ጥቅሙ ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅሙ ትልቁ ድርሻ የተቆጠበ ጊዜ ነው፤ የእያንዳንዱ ተጓዥ ደቂቃ በሼቄል ተተምኖ ይደመራል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። የማን ደቂቃ? በአንድ መኪና ውስጥ በአማካይ 1.2 ሰው ቢኖር በሰዓት 2,000 መኪና የሚያሳልፍ ረድፍ የሚያጓጉዘው 2,400 ሰው ነው። በዚያው ረድፍ በየደቂቃው 50 ሰው የጫነ አንድ አውቶቡስ ቢያልፍ በሰዓት 3,000 ሰው ይሆናል። ከቤተሰቦቻችን መካከል ብዙዎቹ ወደ ሥራ የሚሄዱት በአውቶቡስ ነው፤ በጽዳት፣ በእንክብካቤ፣ በጥበቃ ሥራ ላይ ያሉት ደግሞ የሚነሡት ሳይነጋ ነው። አንድ ማሳለጫ ለአውቶቡስ የተለየ ረድፍ ከሌለው፣ ወይም ጣቢያው ከሠፈሩ አርቆ ከተተከለ፣ በወረቀት ላይ የተቆጠበው ደቂቃ የእነሱ ላይሆን ይችላል። ጥናቱን ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ትልቅ ሥራ ከሆነ የአካባቢ ተጽዕኖ ሰነድም ይዘጋጃል። ጩኸቱ፣ ጭሱ፣ የዝናቡ ፍሳሽ፣ የሚቆረጠው ዛፍ፣ የሚወጣው አፈር የት እንደሚደፋ፣ ሁሉ በዚያ ይጻፋል።

መሬት ውስጥ ያለውንም ማሰብ ግድ ነው። ሞጻ ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ነው። መንገድ 1 ሲሰፋ በ2012 በቴል ሞጻ ከመጀመሪያው ቤተ መቅደስ ዘመን የሆነ የአምልኮ ሕንፃ ተገኘ። ለመንገድ 16 መሬቱ ሲዘጋጅ ደግሞ ከ9,000 ዓመት በፊት የነበረ ሰፊ መንደር ወጣ፤ የእስራኤል የቅርስ ባለሥልጣን በ2019 ሲያስታውቅ በዚያ ከ2,000 እስከ 3,000 ሰው ሳይኖር እንዳልቀረ ገምቷል። ቁፋሮው የተሠራው ከመንገዱ ግንባታ በፊት ሲሆን ወጪውን የከፈለው ነቲቬ ይስራኤል ነው። የ1978ቱ የቅርስ ሕግ እንዲህ ያለው መሬት ሳይመረመር እንዳይገነባበት ያስገድዳል። ስለዚህ በጊዜ ሰሌዳ ላይ ለቁፋሮ የሚሆን ወራት ያላስገባ ዕቅድ በኢየሩሳሌም ተራሮች አያዋጣም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ዕቅዱ በሕዝብ ፊት

የእስራኤል የዕቅድና የግንባታ ሕግ የወጣው በ1965 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ከላይ ብሔራዊ ምክር ቤት፣ ቀጥሎ የአውራጃ ኮሚቴ፣ ከታች የአካባቢ ኮሚቴ አለ። ለብሔራዊ መሠረተ ልማት የሚሆን የተፋጠነ መንገድም አለ፤ እሱን የሚያየው ቫታል በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ኮሚቴ ነው።

አንድ ዝርዝር ዕቅድ፣ በተለምዶ ታባ የምንለው፣ በአውራጃ ኮሚቴው ከታየ በኋላ ለሕዝብ ዕይታ ይቀርባል። ይህ ሃፍቃዳ ይባላል። ማስታወቂያው በጋዜጣ፣ በኢንተርኔትና በቦታው ላይ በሚተከል ሰሌዳ ይወጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቅዱ ይጎዳኛል የሚል ሰው በ60 ቀን ውስጥ ተቃውሞውን፣ ማለትም ሂትናግዱት፣ ማስገባት ይችላል። ተቃውሞው በጽሑፍ መሆን፣ ምክንያቱን መዘርዘርና የተጠቀሱት ነገሮች እውነት መሆናቸውን በሚያረጋግጥ ቃለ መሐላ መደገፍ አለበት። ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። ኮሚቴው ተቃዋሚውን ሰምቶ ዕቅዱን ሊያጸድቅ፣ ሊያሻሽል ወይም ሊጥል ይችላል።

60 ቀን ረጅም ይመስላል። ሰሌዳው በዕብራይስጥ፣ በሕግ ቋንቋ፣ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ በአጥር ላይ ሲሰቀል ግን 60 ቀን ምንም ማለት አይደለም። ሁለት ታሪኮች ልዩነቱን ያሳያሉ።

የመጀመሪያው የቤት ሳፋፋ ታሪክ ነው። በደቡብ ኢየሩሳሌም በሚገኘው በዚህ የዐረብ መንደር መካከል የቤጊን መንገድ ደቡባዊ ክፍል አለፈ። ለመንገዱ መሠረት የሆነው ዕቅድ የጸደቀው በ1990 ነበር፤ መሣሪያው መጥቶ መሬቱን መቆፈር የጀመረው ግን በ2012 ነው። ነዋሪዎቹ ያኔ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። «አሮጌው ዕቅድ አጠቃላይ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ፈጣን መንገድ አዲስ ዝርዝር ዕቅድ ያስፈልግ ነበር» ብለው ተከራከሩ። በየሳምንቱም ሰልፍ ያደርጉ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን መንገዱን አላስቆመም። ከመንገዱ የተወሰነው ክፍል በላዩ ተሸፈነ፤ መንደሩ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በፈጣን መንገድ ተከፍሎ ይኖራል። በ1990 የጸደቀውን ወረቀት ያኔ በእጁ ይዞ ያነበበ ስንት ሰው ነበር? በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን ቡልዶዘሩ ሲመጣ 22 ዓመቱ ነው።

ሁለተኛው ከሞጻ ብዙም በማይርቁት የምዕራብ ተራሮች ላይ የታሰበው፣ በአርክቴክቱ በሞሼ ሳፍዲ ስም የሚጠራው ዕቅድ ታሪክ ነው። በደን በተሸፈኑት ኮረብቶች ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ መኖሪያ ቤቶችን ከነመንገዶቻቸው ለመሥራት ታስቦ ነበር። ዕቅዱ ለዕይታ ሲቀርብ በሺዎች የሚቆጠሩ ተቃውሞዎች ገቡ፤ ባለሙያዎችም ከተማዋ ወደ ውጭ ከመስፋት ይልቅ በውስጧ እንድትጠናከር ተከራከሩ። በ2007 ብሔራዊው የዕቅድ ምክር ቤት ዕቅዱን ጣለው። ያ ሁሉ የሆነው አንድ ድንጋይ ሳይነሣ ነው።

በሁለቱ መካከል ሌሎችም ብዙ ልዩነቶች አሉ፤ አንዱ የጥቂት ሺህ ሰዎች መንደር ነው፣ ሌላው የብዙ ማኅበራት ዘመቻ ነበር፤ የፖለቲካው ክብደትም እኩል አይደለም። ጊዜ ብቻውን ሁሉን አይወስንም። ነገር ግን ሰነዱ ክፍት በሆነበት ወቅት የተነገረ ቃል ዕቅድን ሊያሻሽል ይችላል፤ ከጸደቀ በኋላ የተነገረ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ካሳ ለመጠየቅ ብቻ ይጠቅማል። ለካሳም ቢሆን ቀን አለው፤ በሕጉ አንቀጽ 197 መሠረት በዕቅዱ ምክንያት የንብረቱ ዋጋ የወደቀበት ሰው ጥያቄውን ማቅረብ ያለበት ዕቅዱ ሥራ ላይ ከዋለበት ቀን ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ ነው። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ይህን ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ጨረታ

ዕቅዱ ጸደቀ፣ በጀቱ ተመደበ እንበል። አሁን ግዥው ይመጣል። ሚኽራዝ የምንለውን ጨረታ በሚመለከት መሠረታዊው ሕግ የ1992ቱ የጨረታ ግዴታ ሕግ ነው። ሐሳቡ አጭር ነው፤ መንግሥትና የመንግሥት ኩባንያዎች ውል ሲገቡ ለማንኛውም ብቁ ተወዳዳሪ እኩል ዕድል መስጠት አለባቸው። ዒሪያዎችም የራሳቸው የጨረታ ደንብ አላቸው።

ሥራውን ለተቋራጭ የመስጫው መልክ በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው የተለመደው ነው። መንግሥት ንድፉን በአማካሪ መሐንዲስ ያሠራል፤ ከዚያ ለግንባታው ብቻ ጨረታ ያወጣል። ሥራው ግልጽ ስለሆነ ዋጋ ለማወዳደር ይመቻል። ነገር ግን በንድፉ ውስጥ ስሕተት ከተገኘ ተቋራጩ የሥራ ለውጥ ትእዛዝ ይጠይቃል፤ ወጪው ይጨምራል።

ሁለተኛው ንድፉንና ግንባታውን ለአንድ ተቋራጭ መስጠት ነው። ጊዜ ይቆጥባል፣ ኃላፊነቱም በአንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ጉዳቱ መንግሥት ምን እንደሚፈልግ በጥንቃቄ ካልጻፈ ተቋራጩ በርካሹ መንገድ መሄዱ ነው።

ሦስተኛው የመንግሥትና የግል ሽርክና ነው። ተቋራጩ ገንዘብ ያመጣል፣ ይነድፋል፣ ይሠራል፣ ለብዙ ዓመታትም መንገዱን እየጠገነ ያስተዳድራል። ክፍያውን በሁለት መንገድ ሊያገኝ ይችላል፤ ከተጓዡ ወይም ከመንግሥት። በ2010 የተከፈቱት የሐይፋ የካርሜል ዋሻዎች ከተጓዡ ቀረጥ ያስከፍላሉ። መንገድ 16 ደግሞ በሽርክና ውል ለሻፒር ኩባንያ የተሰጠ ቢሆንም ተጓዡ በዋሻው ሲያልፍ አይከፍልም፤ ዕዳው የመንግሥት ነው።

«አይከፈልበትም» ማለት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በሽርክና ውል መንግሥት ዛሬ ትልቅ ገንዘብ አያወጣም፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት የሚከፈል ግዴታ ይገባል። ጥሩ ጎኑ ራሱ የሚጠግነው ተቋራጭ መጀመሪያውኑ ጥሩ አድርጎ ለመሥራት ምክንያት ያለው መሆኑ ነው። መጥፎ ጎኑ የግል ኩባንያ የሚበደርበት ወለድ ከመንግሥት ወለድ የሚበልጥ መሆኑና ውሉ አንዴ ከተፈረመ ለመለወጥ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ዛሬ የተፈረመውን የሚከፍለው የነገው ግብር ከፋይ ነው፤ ያም እኛ ነን።

ጨረታው በምን ቅደም ተከተል ይሄዳል? በመጀመሪያ የብቃት ማጣሪያ አለ። በ1969 በወጣው ሕግ መሠረት ተቋራጭ መመዝገብና በሥራው ዓይነትና መጠን ደረጃ ማግኘት አለበት፤ ከዚህም ሌላ ተመሳሳይ ሥራ መሥራቱንና የገንዘብ አቅሙን ያሳያል። ቀጥሎ ተጫራቾች ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ መልሱ ለሁሉም እኩል ይሰጣል። የጨረታ ማስከበሪያ አስይዘው ዋጋቸውን በታሸገ ኤንቨሎፕ ያስገባሉ። ኮሚቴው ዋጋውን፣ እንደ ሁኔታውም ጥራቱን፣ አስቀድሞ በታወቀ ነጥብ ይመዝናል። አሸናፊው የውል ማስከበሪያ ዋስትና ያስይዛል። የተሸነፈው ደግሞ ውጤቱ ከተነገረው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የኮሚቴውን ውሳኔ ሰነዶች ማየት ይችላል፤ በደል አለ ካለም ለአስተዳደር ጉዳዮች ፍርድ ቤት ያመለክታል።

ርካሹ ዋጋ ሁልጊዜ ጥሩ ዋጋ አይደለም። ከመሐንዲሱ ግምት እጅግ ዝቅ ያለ ዋጋ የሰጠ ተቋራጭ ወይ አልተረዳውም፣ ወይ በለውጥ ትእዛዝ ለማካካስ አስቧል፣ ወይ መካከል ላይ ይከስራል። በተቃራኒው ለአንድ ኩባንያ ብቻ የተሰፋ የሚመስል የብቃት መስፈርት ውድድሩን ይገድላል። ጥሩ ጨረታ የሚለካው ከመከፈቱ በፊት በተጻፈው ሰነድ ነው።

ለማነጻጸር ወደ ኢትዮጵያ እንመልከት። በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ የተሠራው በአብዛኛው ከቻይና ኤክሲም ባንክ በተገኘ ብድር ሲሆን ተቋራጩም የቻይና ኩባንያ ነበር። ብድሩና ተቋራጩ ከአንድ አገር ሲመጡ ሥራው ቶሎ ይጀመራል፤ የውድድሩ ሜዳ ግን ይጠባል። ድሃ አገር ምርጫው ውስን ነው። እኛ ግን የምንኖረው የጨረታ ሰነድ ጠይቆ ማየት በሚቻልበት አገር ነው፤ በ1998 የወጣው የመረጃ ነጻነት ሕግ ማንኛውም ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ መሥሪያ ቤቱም በመሠረቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።

መጨናነቁ በእርግጥ ይቀላል?

ታማኝ መልሱ፦ ለጊዜው አዎ፣ ለዘለቄታው እንደ ሁኔታው የሚል ነው። በ2011 ዱራንተንና ተርነር የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የአሜሪካ ከተሞችን መረጃ መርምረው በከተማ ውስጥ የፈጣን መንገድ ርዝመት ሲጨምር በመኪና የሚነዳው ኪሎ ሜትርም በተመሳሳይ መጠን እንደሚጨምር አሳዩ። መንገዱ ሲቀል ቤቱ የነበረው ይነዳል፣ በአውቶቡስ ይሄድ የነበረው መኪና ይገዛል፣ ርቆ መኖር ይቻላል። አዲሱ ቦታ ይሞላል።

ይህ ማለት ማሳለጫ አይሠራ ማለት አይደለም። አደጋ የሚበዛበትን መገናኛ ያድናል፣ አምቡላንስን ሆስፒታል ያደርሳል፣ ከባድ መኪናን ከሠፈር ያወጣል። ብቻውን ግን መድኃኒት አይሆንም። ኢየሩሳሌም ራሷ ይህን ታውቃለች፤ በ2011 የቀላል ባቡሩ ቀይ መስመር ተከፈተ፣ ቆይቶም ወደ ኔቬ ያዕቆብና ወደ ሐዳሳ ዔን ከሬም ተራዘመ፤ በ2018 የኢየሩሳሌም ፈጣን ባቡር ጀመረ። ኔቬ ያዕቆብ ላለው ቤተሰባችን ከየትኛውም ማሳለጫ ይልቅ ቀኑን የሚለውጠው ባቡሩ ነው። በየዓመቱ በሔሽቫን 29 ስግድን ልናከብር ወደ አርሞን ሃናጺቭ ስንወጣ ከመላ አገሪቱ የሚመጡት አውቶቡሶች በአንድ መንገድ ላይ ሲሰለፉ እናያለን፤ ያን ቀን የሚያስፈልገው ተጨማሪ ድልድይ ሳይሆን የአውቶቡስ መተላለፊያና የማቆሚያ ሥርዓት ነው።

ለማጥናት፦ ስድስት ጥያቄዎች

ስለ አንድ ማሳለጫ ወይም መንገድ ማስታወቂያ ሲያዩ እነዚህን ይጠይቁ።

1. መኪናው ከማሳለጫው ወጥቶ የሚደርሰው የት ነው? በዚያ ያለው መገናኛ ይችለዋል?
2. ሌሎች አማራጮች ተጠንተዋል? የአውቶቡስ ረድፍ ወይም ባቡር ተመዝኗል?
3. በአውቶቡስ የሚሄደውና በእግሩ የሚሄደው ምን ያገኛል? አሮጊት እናት መንገዱን የምታቋርጠው በየት ነው?
4. ጩኸቱና አቧራው የሚደርሰው ለየትኛው ሠፈር ነው? መከላከያ ግድግዳ ወይም መሸፈኛ በዕቅዱ ውስጥ ተጽፏል ወይስ በቃል ብቻ ነው?
5. የተቃውሞው የመጨረሻ ቀን መቼ ነው?
6. የሚከፍለው ማን ነው? ለስንት ዓመት?

በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ቡድኖቻችን በዚህ ሴሜስተር አንድ ነገር እንዲሞክሩ እንጠይቃለን። ወላጆቻችሁ በሚኖሩበት ከተማ፣ ኢየሩሳሌም ይሁን ረሖቮት፣ አሽዶድ ይሁን ክርያት ማላኺ፣ ለዕይታ የቀረበ አንድ ዕቅድ ከዕቅድ አስተዳደሩ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። ካርታውን አውርዱ። የሕግ ተማሪው መመሪያውን፣ የምሕንድስናው ተማሪ ሥዕሉን፣ የኢኮኖሚው ተማሪ ወጪውን ያንብብ። ከዚያ በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ በምኵራቡ፣ በማትናሱና በሽማግሌዎቹ ፊት አንብቡት። ሽማግሌዎቹ ያን ሠፈር ከማናችንም በላይ ያውቁታል፤ ውሃው በየት እንደሚወርድ፣ ልጆቹ በየት እንደሚያቋርጡ፣ አውቶቡሱ በየት እንደሚዘገይ ያውቃሉ። የጎደላቸው ማስታወቂያው በሚገባቸው ቋንቋ አለመምጣቱ ብቻ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ቅጠሉ በዚህ ጉዳይ ያ አንድ ገጽ ነው፤ መድረስ ያለበትም ከ60ኛው ቀን በፊት ነው።